ሂሮክዌስት የየትኛው ዓለም ነው? ስለ ድሮ የፋንታሲ ሰሌዳ ጨዋታዎችና ስለ ሰፋፊ ልብ ወለዳዊ ዓለሞች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጎንደር ከአዘዞ ነው። ጠያቂው አጎታቸው ከእንግሊዝ ሲመለሱ ያመጡላቸው የ1989 የሂሮክዌስት ሳጥን እንዳላቸውና ቅዳሜ ቅዳሜ ከታናናሽ ወንድሞቻቸውና ከጓደኞቻቸው ጋር እንደሚጫወቱበት ገልጸው እንዲህ ይላሉ፦ «አንዱ ጓደኛዬ ይህ ጨዋታ የዋርሀመር ዓለም አካል ስለሆነ ያንን ታሪክ ሳናውቅ መጫወታችን ትርጉም የለውም ይላል። ሌላው ደግሞ አዲሱን እትም በስልኩ አሳይቶን፣ ፊሚር የሚባለው ፍጥረት እዚያ ውስጥ ስለሌለ ከዋርሀመር ጋር ምንም አይገናኝም ብሎ ይከራከራል። ማንኛው ነው ትክክል? በጠቅላላውስ የድሮ የፋንታሲ ሰሌዳ ጨዋታዎች ከእነዚህ ሰፋፊ ዓለሞች ጋር ያላቸው ዝምድና ምን ዓይነት ነው?»

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ጓደኞችዎ እውነት ይዘዋል፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ስለ ሳጥኑ ምንጭ ሲናገር ሁለተኛው ስለ ጨዋታው ህልውና ይናገራል። አጭሩ መልስ፣ የእርስዎ ሳጥን ፍጥረታትንና ስሞችን ከዋርሀመር ዓለም ተውሷል፤ ጨዋታው ግን ያለዚያ ዓለም በራሱ እግር ይቆማል የሚል ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂሮክዌስት፣ ጀግኖች ወደ ምድር ቤት ገብተው ጭራቆችን የሚዋጉበት የሰሌዳ ጨዋታ፣ በ1989 በአውሮፓ፣ በ1990 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ለገበያ የቀረበ ሲሆን የሁለት ድርጅቶች የጋራ ሥራ ነው። አንደኛው ሚልተን ብራድሊ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ በሀዝብሮ ሥር የሚገኝ፣ ቤተሰብ የሚጫወታቸውን ጨዋታዎች በአሻንጉሊት መደብሮች የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ሌላው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሲሆን፣ ዋርሀመር የተሰኘውን የጦርነት ጨዋታ በ1983 አውጥቶ በዙሪያው የራሱን ምናባዊ ዓለም እየገነባ ነበር። የሂሮክዌስትን ሕግ የነደፈው ስቲቨን ቤከር ነው፤ ጥቃቅኖቹን የፕላስቲክ ምስሎች የቀረጹት ግን የጌምስ ወርክሾፕ ባለሙያዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ኦርክ የሚባሉትን ጭራቆችና የኬኦስ (በዋርሀመር ዓለም የጥፋት ኃይል ነው) ተዋጊዎችን ሲቀርጹ የኖሩ በመሆናቸው ለአዲሱ ሳጥን ምስል ሲጠየቁ እጃቸው የለመደውን ሠሩ። ዝምድናው በመጀመሪያ የተወለደው ከዚህ የሥራ ሁኔታ እንጂ አንድን ታላቅ ታሪክ በሰሌዳ ላይ ለመተረክ ከታሰበ ዕቅድ አይደለም።

ይህን በዓይንዎ ለማየት ምስሎቹን ከሳጥኑ አውጥተው በሦስት ክፍል ይደርድሯቸው። አጽሙን፣ ዞምቢውንና ሙሚውን (በጨርቅ የተጠቀለለውን ሬሳ) በአንድ ወገን ያስቀምጡ፤ እነዚህ የማንም ንብረት አይደሉም፤ ማንኛውም ደራሲ ወይም ጨዋታ ሠሪ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ኦርኩንና ጎብሊኑን በሁለተኛው ወገን ያድርጉ፤ ስማቸው በፋንታሲ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የጋራ ሆኗል፤ የተቀረጹበት መልክ ግን የጌምስ ወርክሾፕን እጅ በግልጽ ያሳያል። በሦስተኛው ወገን የኬኦስ ተዋጊውና ፊሚሩ ይቀራሉ። ፊሚር አንድ ዓይን ያለው፣ ጅራቱ እንደ ዱላ ጫፍ የተድቦለቦለ ፍጥረት ሲሆን ለዋርሀመር ዓለም ተብሎ የተፈጠረ ነው፤ በ1986 በወጣው የዋርሀመር የሚና ጨዋታ (ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ የሚጫወተው) መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ ፊሚር በሳጥኑ ውስጥ መኖሩ የመጀመሪያው ጓደኛዎ የጠቀሱትን ዝምድና ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ያረጋግጣል።

ይሁን እንጂ ፊሚሩን አንሥተው ካርዱን ያንብቡ። በሦስት ዳይስ ያጠቃል፣ በሦስት ይከላከላል፤ ከእነዚህና ከመሰል ቁጥሮች ያለፈ ነገር የለም። እዚህ ፒያሳ በምናስተናግደው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ልጆች ምስሉን ሲያነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጅራቱ ነው። በዋርሀመር ዓለም ጅራቱ የጦር መሣሪያ ነው፤ በሂሮክዌስት ሕግ ግን ስለ ጅራት አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈችም። ምስሉ ከአንድ ሰፊ ዓለም መጥቷል፤ ዓለሙ ግን ተከትሎት አልመጣም። ጽሑፉም እንዲሁ ነው። አስተማሪው ሜንቶር አለ፤ ክፉው ሞርካር አለ፤ በአደጋ ላይ ያለ ንጉሠ ነገሥትና ግዛቱም ይጠቀሳሉ። ተጫዋቹ ከዚህ የበለጠ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ የመጀመሪያውን ተልዕኮ የሚጀምር ሰው ቬራግ የተባለውን ጋርጎይል (ክንፍ ያለው ጭራቅ) ፈልጎ መግደል እንዳለበት ካወቀ ይበቃዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የጨዋታውን መንፈስ የሚናገረው ዳይሱ ነው። በእያንዳንዱ የውጊያ ዳይስ ላይ ሦስት የራስ ቅል፣ ሁለት ነጭ ጋሻና አንድ ጥቁር ጋሻ አለ። ጀግናው የሚከላከለው በነጩ ጋሻ በመሆኑ ከስድስቱ ገጾች ሁለቱ ለእርሱ ናቸው፤ ጭራቁ ግን በጥቁሩ ብቻ ስለሚከላከል ያለችው አንድ ገጽ ናት። ይህ ማለት ጨዋታው ከሥሩ ጀግኖቹን እንዲደግፍ ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው። ዋርሀመርን የሚያውቅ ሰው ያ ዓለም ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ ያውቃል፤ እዚያ ኬኦስ በመጨረሻ ሁሉን እንደሚውጥ የሚነገር ሲሆን ሰዎች የሚታገሉት ቀኑን ለማራዘም ብቻ ነው። የሂሮክዌስት ዳይስ ግን አራት ልጆች ተባብረው በር ሲከፍቱ ድሉ የእነርሱ እንዲሆን ያዘነብላል። የአንድን ጨዋታ የዓለም አባልነት ስንመረምር ከስሞቹ አስቀድመን እንዲህ ያለውን ነገር ማየት አለብን ብዬ አምናለሁ። በዚህ መለኪያ ከሄድን የእርስዎ ሳጥን የዋርሀመርን ልብስ ለብሷል እንጂ የዋርሀመር ነፍስ የለውም።

የመጀመሪያው ጓደኛዎ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚሆኑበት ሳጥንም አለ። በዚያው በ1989 ጌምስ ወርክሾፕ ራሱ አድቫንስድ ሂሮክዌስት የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ ይህኛው በዋርሀመር አሮጌው ዓለም ውስጥ እንደሚካሄድ በግልጽ የተነገረለት፣ ዋነኛ ጠላቶቹም ስኬቭን የተባሉት የአይጥ ሰዎች የሆኑ፣ ሕጉም የሚከብድ ነው። በ1995 የወጣው ዋርሀመር ክዌስት ደግሞ የዓለሙን ስም በሽፋኑ ላይ አደረገ። ከአንድ ሐሳብ ሁለት መንገድ ወጣ ማለት ነው፦ አንዱ ወደ አሻንጉሊት መደብር፣ ሌላው ወደ ዓለሙ ውስጥ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛዎ ልምጣ። ሀዝብሮ ጨዋታውን በ2021 አቫሎን ሂል በተባለው የንግድ ስሙ መልሶ ሲያወጣ ጌምስ ወርክሾፕ አብሮት አልነበረም። ስለዚህ የሌላ ሰው የሆነው ሁሉ ከሳጥኑ መውጣት ነበረበት፤ በፊሚሩ ቦታ ሌላ ጭራቅ ገባ፣ የኬኦስ ተዋጊውም ስሙ ተቀይሮ የድሬድ ተዋጊ ተባለ፣ የኬኦስ አስማቶችም እንዲሁ የድሬድ አስማቶች ሆኑ። ክፉው አስማተኛ በአውሮፓው እትም ሞርካር፣ በአሜሪካው ዛርጎን ይባል ስለነበር በአዲሱ ዛርጎን የሚለው ጸና። ይህ ሁሉ ሲለወጥ ግን ጨዋታው አልተናወጠም። ሰሌዳው ያው ነው፣ ዳይሱ ያው ነው፣ ቬራግም በመጀመሪያው ተልዕኮ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለተኛው ጓደኛዎ ግንኙነት የለውም ሲሉ የተሳሳቱት ያለፈውን በመካዳቸው ነው እንጂ፣ ጨዋታው ያለ ዋርሀመር መኖር እንደሚችልስ አዲሱ እትም በተግባር አሳይቷል።

ከዚህ አንድ መመርመሪያ እናገኛለን፤ ስለ ማንኛውም የድሮ ጨዋታ ስጠየቅ የምጠቀመው ይህንኑ ነው። ስሞቹን ሁሉ ብናነሣ የሚቀረው ነገር ያው ጨዋታ ነውን? መልሱ አዎ ከሆነ ዓለሙ ጌጥ ነው፤ አይደለም ከሆነ ዓለሙ አጥንቱ ነው።

ዓለሙ አጥንት የሆነበትን ምሳሌ ልስጥዎ፤ ከሁሉም ይልቅ የምወደው እርሱን ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ግሬግ ስታፎርድ የተባለው አሜሪካዊ በ1966፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ግሎራንታ ስለተባለ ዓለም ተረቶች መጻፍ ጀመረ። ይህ ዓለም ከሌሎች የሚለየው መሠረቱ የጦርነት ታሪክ ሳይሆን ሃይማኖትና አፈ ታሪክ በመሆኑ ነው፤ ጀግኖቹ ኃይል የሚያገኙት የአማልክትን ጥንታዊ ሥራ መልሰው በመኖር ነው። ስታፎርድ በ1975 ኬኦሲየም የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ዋይት ቤር ኤንድ ሬድ ሙን የተሰኘውን የሰሌዳ ጨዋታ ለማሳተም ነበር። ልብ ይበሉ፣ ያ ዓለም በአደባባይ የታየው መጀመሪያ በልብ ወለድ መጽሐፍ ሳይሆን በካርቶን ሰሌዳና በጥቃቅን የወረቀት ምልክቶች ነው። ሰሌዳው የድራጎን መተላለፊያን አገር የሚያሳይ ካርታ ሲሆን፣ ጦርነቱ በሳርታር መንግሥትና በጨረቃ ግዛት መካከል ነው፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ኃይሎች ደግሞ በዲፕሎማሲ ወደ አንዱ ጎን ሊሳቡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ስሞቹን ለማንሣት ይሞክሩ። የጨረቃው ግዛት ተራ ንጉሥ የሚገዛው ተራ አገር ቢሆን ኖሮ አስማቱም፣ ጦሩም፣ ያን መተላለፊያ የሚፈልግበት ምክንያትም አብረው ይጠፉ ነበር። ያን ጨዋታ የተጫወተ ሰው ዓለሙን በመጽሐፍ ከሚያነብ ሰው ባላነሰ አውቆት ይነሣል፤ ምክንያቱም ማን ከማን ጋር እንደሚጣላና ማን ማንን እንደሚፈራ በገዛ እጁ ሞክሮታል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1978 በዚያው ዓለም ላይ የተመሠረተው ሩንክዌስት የተባለ የሚና ጨዋታ ወጣ፤ በ1999 ደግሞ ኪንግ ኦፍ ድራጎን ፓስ የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ተከተለ። ሰሌዳው በር ነበር፤ ሌላው ሁሉ የገባው በዚያ በር ነው።

ጓደኞችዎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ግራ እንዳይጋቡ አንድ ነገር እዚህ ላይ ላክል። ሂሮክዌስት የሚለው ስም በ2003 በግሎራንታ ዓለም ለሚካሄድ የሚና ጨዋታም ተሰጥቶ ነበር፤ የንግድ ምልክቱ ወደ ሀዝብሮ የተላለፈው በ2020 ነው። ስለዚህ በስሙ ፈልገው ስለ ሳርታርና ስለ ጨረቃ ግዛት የሚያወራ መጽሐፍ ቢያገኙ ያ ከእርስዎ ሳጥን ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ሌላ ሥራ መሆኑን ይወቁ። የፊሚሩን ጅራት እዚያ ውስጥ አያገኙትም።

በጌጥና በአጥንት መካከል ያሉም አሉ። በ1975 የወጣው ደንጀን የተባለው ጨዋታ ፈጣሪው ዴቪድ ሜጋሪ በዴቭ አርነሰን የብላክሙር ጨዋታ ውስጥ ተጫዋች ነበር፤ ብላክሙር ደግሞ በ1974 ለወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለተባለው የሚና ጨዋታ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ሁለቱ ከአንድ ጠረጴዛ የተወለዱ ወንድማማቾች ቢሆኑም ደንጀን የብላክሙርን ታሪክ አይነግረንም፤ የወሰደው ወደ ምድር ቤት ወርዶ ጭራቅ ገድሎ ሀብት ይዞ የመውጣትን ሐሳብ ብቻ ነው። በ1983 ሮበርት ሃሪስ የሠራው ታሊስማንም የጌምስ ወርክሾፕ ጨዋታ ሆኖ ሳለ የየትኛውም አገር ካርታ የለውም፤ ሰሌዳው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ክልሎች ብቻ ነው። እንዲያውም በ1988 የወጣው ታይምስኬፕ የተባለው ማስፋፊያው ዋርሀመር 40,000 ከተባለው የጌምስ ወርክሾፕ ሌላ የጠፈር ጦርነት ጨዋታ ወታደር አምጥቶ ከጠንቋዮችና ከድንኮች ጋር አሰለፈው፤ ከዚህም ጨዋታው ለአንድ ዓለም ታማኝ የመሆን ግዴታ እንዳልነበረበት እንረዳለን። በ2013 ደግሞ የታሊስማን አካሄድ ሬሊክ በሚል ስም ሙሉ በሙሉ ወደ ዋርሀመር 40,000 ዓለም ተዛወረ።

ሌላው ዓይነት ከጨዋታ ብዛት የሚጠራቀም ዓለም ነው። ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለው አሳታሚ በ2004 ራንባውንድ የተሰኘውን ጨዋታ ሲያወጣ ቴሪኖዝ የተባለው አገር ለጀብዱ የሚሆን መንገድና ከተማ ያለበት ካርታ ከመሆን ብዙም አያልፍም ነበር። በ2005 ዲሰንት ወጣ፣ በ2010 ራንዎርስ ተከተለ፤ እያንዳንዱ ሳጥን ጥቂት ጀግና፣ ጥቂት ታሪክ፣ ጥቂት ከተማ እያከለ በ2018 ስለ ቴሪኖዝ ብቻ የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ እስከ መታተም ደረሰ። የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በፋሲል ግቢ ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ካቆሙ በኋላ ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥታቸውን፣ ሣልሳዊ ዳዊት የመዝሙር አዳራሻቸውን፣ በኋላም በካፋና እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ጨመሩ፤ ግቢው ዛሬ በአንድ ስም ቢጠራም አንድ ሰው ከመጀመሪያው ነድፎ የጨረሰው አይደለም። ዋርሀመርም ቢሆን ያደገው በዚሁ መንገድ ነው።

የእነዚህ ዓለሞች ድንበር በአብዛኛው የሚሰመረው በባለቤትነት መሆኑንም መረዳት ያስፈልጋል። በ1977 የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አሳታሚ ከደራሲው ቶልኪን ሥራ የመጣውን ሆቢት የሚለውን ስም ከመጻሕፍቱ አውጥቶ ሃፍሊንግ በሚል ለመተካት ተገድዷል፤ ኤልፍና ድንክ ግን ከጥንት ተረት የመጡ በመሆናቸው ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም። በእርስዎ ሳጥን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፦ አጽሙና ሙሚው በ2021 በነበሩበት ሲቀሩ የወጣው ፊሚር ነው።

ከመጀመሪያው ጓደኛዎ ሐሳብ ሊከበር የሚገባ አንድ ነገርም አለ ብዬ አምናለሁ፤ የድሮ ሳጥን የአንድን ዓለም የልጅነት መልክ ጠብቆ ያቆያል። የዋርሀመር አሮጌው ዓለም በ2015 በባለቤቱ ውሳኔ በታሪኩ ውስጥ እንዲጠፋ ተደርጎ ኤጅ ኦፍ ሲግማር በሚባለው ተተክቷል፤ በ2024 ነው በጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ መልክ እንደገና የተመለሰው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የእርስዎ ሳጥን አንድ ነገር እንኳ አልተቀየረበትም። በውስጡ ያሉት ኦርኮችና የኬኦስ ተዋጊዎች በ1989 የጌምስ ወርክሾፕ ቀራጮች ዓለማቸውን እንዴት ያዩት እንደነበር የሚመሰክሩ ናቸው፤ ስለዚህ ምስሎቹን ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ተጠንቅቃችሁ አስቡበት፣ የተሰበረም ካለ አትጣሉት።

እንግዲህ ለቅዳሜው ጨዋታ ምን ማድረግ ይሻላል? የዋርሀመርን ታሪክ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ታናናሽ ወንድሞችዎ ገና እየለመዱ ከሆነ ብዙ የተጻፈ ታሪክ መጫኑ ይጎዳቸዋል፤ መጽሐፍ ያነበበው አንዱ ልጅ ብቻ የሚናገርበት ጠረጴዛ ሌሎቹን ዝም ያሰኛል። የመጀመሪያው ጓደኛዎ ታሪኩን የሚወዱ ከሆነ የሞርካርን ቦታ ይስጧቸው፤ የተልዕኮ መጽሐፉን የሚይዘው፣ ክፍሎቹንም የሚገልጸው እርሱ ስለሆነ የሚያውቁትን በመጠን በመጠን ጣል እያደረጉ ሊያጣፍጡት ይችላሉ።

አዲሱን እትም ወይም ማስፋፊያዎቹን ገዝታችሁ ከአሮጌው ጋር ለመቀላቀል ካሰባችሁ ደግሞ አንድ የሕግ ልዩነት አለ። በአውሮፓው የመጀመሪያ እትም እያንዳንዱ ጭራቅ ያለው የአካል ነጥብ አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ያልተከላከለው ምት ይጥለዋል። አዲሱ እትም ግን የአሜሪካውን ሕግ ስለሚከተል ሙሚው ሁለት፣ የድሬድ ተዋጊውና ጋርጎይሉ ሦስት ሦስት ነጥብ አላቸው። የአዲሶቹን ተልዕኮዎች በአሮጌው ካርድ ከተጫወታችሁ እጅግ ይቀሉባችኋል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛውን ሕግ እንደምትከተሉ ተስማሙና የጭራቆቹን ነጥብ በወረቀት ጽፋችሁ በሰሌዳው አጠገብ አስቀምጡ። ፊሚሩንም አታስወጡት፤ በአዲሱ እትም ቦታውን የያዘው ጭራቅ ሁለት የአካል ነጥብ ስላለው ለፊሚሩም ሁለት ስጡት፣ ማጥቃቱና መከላከሉ በሦስት በሦስት ዳይስ እንደ ነበረ ይቀጥል።